አሮጌዋን አኮ በአንድ ቀን በቅጡ ለማየት፦ ከዝግጅት እስከ መመለሻ

አኮ ደርሶ አኮን ሳያይ የሚመለሰው ሰው ብዛት ያሳዝነኛል። ከሃይፋ በስተሰሜን፣ የባሕረ ሰላጤው ማዶ ላይ ያለችውን የእስራኤል አሮጌ ወደብ ማለቴ ነው። ሰዉ እኩለ ቀን ላይ ይደርሳል። ገበያው ውስጥ ይገባል፣ ሁሙስ ይበላል፣ ወደቡ ላይ ፎቶ ይነሳል፣ ከዚያ ደክሞት ባቡር ይይዛል። ዋናው ነገር ግን ሲረግጠው ከዋለው ድንጋይ ሥር ነበር።

ችግሩ የቅደም ተከተል ነው። የአኮ ትልልቅ ቦታዎች ግማሾቹ ከመሬት በታች ናቸው፤ በራቸው ከመንገድ አይታይም። የሚዘጉበት ሰዓትም አንድ አይደለም። አንዱ በጸሎት ሰዓት፣ ሌላው ቅዳሜ፣ ሌላው ምግቡ ሲያልቅ ይዘጋል። ተራውን ጠብቆ ለሄደ ሰው ግን አንድ ቀን ይበቃል። ለኢየሩሳሌም ጉዞ ከአገር ቤት የምትመጡ ምእመናንም ናዝሬትና ገሊላ ስትደርሱ አንድ ቀን ጨምሩላት። ቅዱስ ጳውሎስም ከጢሮስ ሲመጣ እዚህ ወርዶ ከወንድሞች ጋር አንድ ቀን ተቀምጧል፤ ሐዋርያት ሥራ 21፥7 ላይ ታገኙታላችሁ።

አንድ ማሳሰቢያ። እዚህ የምጽፈው ሰዓት በሙሉ በእስራኤል፣ ዓመቱም በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። 9:00 ማለት በእኛ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። ወላጆቻችሁን ብቻቸውን የምትልኩ ከሆነ የባቡሩን ሰዓት በሁለቱም አቆጣጠር ወረቀት ላይ ጻፉላቸው። "በ3 ሰዓት ነው" ተብለው 15:00 ላይ ጣቢያ የሚገኙ እናቶች አሉ።

## ከመነሳታችሁ በፊት

ቀኑን ምረጡ። ሰኞ፣ ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ሂዱ። እሑድ ጠዋት ባቡሩ ወደ ጦር ሰፈር በሚመለሱ ወታደሮች ይሞላል፤ ሐሙስ ከሰዓት ደግሞ ወደ ቤታቸው በሚሄዱት። ዓርብ እኩለ ቀን የጁምዓ ሶላት ስለሆነ መስጊዱ ለጎብኚ አይከፈትም፣ ሙዚየሞቹ ቀድመው ይዘጋሉ፣ ባቡሩም ሻባት ሳይገባ ይቆማል። ቅዳሜ ባቡር የለም። የአሮጌው ከተማ ነዋሪ በአብዛኛው አረብ ስለሆነ ገበያው ቅዳሜም ሞቅ ብሎ ይውላል፤ ግን መኪና ያለው ሁሉ ወደዚያ ስለሚጎርፍ ማቆሚያ ፍለጋ ብቻ ቀኑን ይበላዋል።

በዓሉን አጣሩ። በረመዳን ቀን ቀን ብዙ ምግብ ቤት አይሠራም። በሱኮት ሳምንት የቲያትር ፌስቲቫል አለ። ደስ ይላል፤ ነገር ግን አንዳንዱ አዳራሽ መድረክ ስለሚሆን ጸጥ ያለ ጉብኝት አትጠብቁ። በዮም ኪፑር ጨርሶ አትነሱ።

የጸጥታውን ሁኔታ እዩ። አኮ ለሊባኖስ ድንበር ቅርብ ናት። በዋዜማው የፒኩድ ሃኦሬፍን (በጦርነት ጊዜ ለሕዝቡ የጥንቃቄ መመሪያ የሚሰጠውን የሠራዊቱን ዕዝ) መመሪያ ተመልከቱ፣ መተግበሪያውንም ስልካችሁ ላይ ጫኑ። የመሰብሰብ ገደብ ከወጣ ሙዚየሞቹ ሊዘጉ ስለሚችሉ ጠዋት ስልክ ሳትደውሉ አትውጡ።

እነዚህን ያዙ፦

- ተዑዳት ዜሁት (የእስራኤል መታወቂያ) ወይም ፓስፖርት። የእስር ቤቱ ሙዚየም በር ላይ ይጠየቃል።
- ሶሉ የማያንሸራትት ዝግ ጫማ። የከተማዋ ድንጋይ በዘመናት ርምጃ ተልጎ መስታወት ሆኗል፣ ዋሻው ውስጥ ደግሞ እርጥበት አለ። ሸበጥና ተረከዝ ቤት ይቅሩ።
- ለሴቶች ነጠላ ወይም ሻርፕ። ነጠላ የያዘች ሴት መስጊዱ በር ላይ ሌላ መሸፈኛ መዋስ አያስፈልጋትም። ለወንዶች ረጅም ሱሪና ኮፍያ።
- ውኃ። በሐምሌና ነሐሴ ሙቀቱ ከባሕሩ ወበቅ ጋር ተደምሮ ያዝላል።
- ጥቂት ጥሬ ገንዘብ፣ በዝርዝር ሰቅል። ለመስጊዱና ለጀልባው ይጠቅማል።

## ደረጃ 1፦ ትክክለኛውን ባቡር ተሳፈሩ

ከቴል አቪቭ አኮ አንድ ሰዓት ተኩል ግድም ነው፤ ከሃይፋ ግማሽ ሰዓት ያህል። 9:00 ላይ አኮ የሚያደርሳችሁን ባቡር ምረጡ። ጣቢያው መግቢያ ላይ ቦርሳ ስለሚፈተሽ 15 ደቂቃ ቀደም በሉ።

ሰሌዳው ላይ መድረሻው "ናሃሪያ" የሚለውን ፈልጉ። ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው፤ ወደ ካርሚኤል የሚሄደው ባቡርም በሃይፋና በክራዮት በኩል ስለሚያልፍ ያው ይመስላል። ሆኖም ከኪሪያት ሞትስኪን በኋላ ወደ ምሥራቅ ይታጠፋል፤ አኮ አይገባም።

የተሳሳተውን ከተሳፈራችሁ፦ ኪሪያት ሞትስኪን ውረዱና የናሃሪያውን ጠብቁ። ካለፋችሁት ቀጣዩ ጣቢያ ላይ ወርዳችሁ ወደ ኋላ ተመለሱ፤ የሚጠፋባችሁ አንድ ሰዓት ቢሆን ነው። ተቃጥላችሁ ታክሲ አትያዙ።

ራቭ-ካቩን (የጉዞ ክፍያ ካርዱን) ስትገቡ እንዳስነካችሁ ሁሉ ስትወጡም ታስነኩታላችሁ። ካርዱን ቦርሳ ግርጌ አትወርውሩት።

## ደረጃ 2፦ ከጣቢያው ወደ አሮጌው ከተማ

በእግር ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ይወስዳል። መንገዱ ሜዳ ነው፤ ግን የሚያልፈው በአዲሱ ከተማ ውስጥ ስለሆነ ብዙ የሚታይ የለውም። አዛውንት ካሉ ጉልበታቸውን እዚህ አታባክኑት፣ ታክሲ ያዙ። ሹፌሩን ገና ሳይነሳ "ሞኔ" በሉት፤ ቆጣሪውን ያስነሳል። መድረሻውን "የጎብኚዎች ማዕከል፣ ቫይዝማን መንገድ" በሉ። ዝም ብላችሁ "አሮጌው ከተማ" ካላችሁ ወደቡ ላይ ሊያወርዳችሁ ይችላል፤ ያኔ ጉብኝቱ ከጅራቱ ይጀምራል።

በእግር ለምትሄዱ ካፕላን መንገድ ላይ አንድ መቆሚያ አለ፤ የቱኒዚያ አይሁዶች ምኩራብ፣ ኦር ቶራ። ወለሉ፣ ግድግዳው፣ ጣሪያው ሁሉ በጥቃቅን ባለቀለም ድንጋይ የተሠራ ሥዕል ነው። ክፍት ካገኛችሁት ግማሽ ሰዓት ስጡት፤ ወንዶች ኮፍያ አድርጉ። ዝግ ከሆነ አትጠብቁ፣ እለፉ።

## ደረጃ 3፦ ትኬቱን ከሁሉ በፊት ግዙ

የከተማውን ግንብ አልፋችሁ እንደገባችሁ የአትክልት ስፍራ አለ። የጎብኚዎች ማዕከሉ እዚያ ውስጥ ነው። ሽንት ቤቱን እዚሁ ተጠቀሙ፤ ውስጥ ከገባችሁ በኋላ ማግኘት ቀላል አይደለም።

የተጣመረውን ትኬት ጠይቁ። የመስቀል ጦር ፈረሰኞቹን አዳራሾች፣ የቴምፕላሮቹን ዋሻና የቱርክ መታጠቢያውን በአንድ ክፍያ የሚይዘውን ማለት ነው። ለየብቻ መግዛት ኪሳራ ነው። መስጊዱና የእስር ቤቱ ሙዚየም ግን የራሳቸው የመግቢያ ክፍያ አላቸው።

ሻጩን ሦስት ነገር ጠይቁት፦

1. ዛሬ ዋሻው በስንት ሰዓት ይዘጋል? የመጨረሻው ሰው የሚገባውስ መቼ ነው?
2. ከምግብ አዳራሹ የሚወርደው ጠባብ መተላለፊያ ክፍት ነው?
3. የእስር ቤቱ ሙዚየም ዛሬ ይሠራል?

መልሱን ስልካችሁ ላይ ጻፉ። የቀኑ ሩጫ የሚለካው በእነዚህ ሰዓቶች ነው። ትኬቱንም አትጣሉት፤ ከመጀመሪያው ቦታ ሲወጣ ቅርጫት ውስጥ የሚጥለው ሰው አይጠፋም፣ ዋሻው በር ላይ ሲደርስ እንደገና ይከፍላል።

አዳራሾቹ ውስጥ የሚሰማ ገለጻ የያዘ መሣሪያ ይሰጣል። ዕብራይስጥ የሚያውቅ ልጅ ካላችሁ መሣሪያውን ለእሱ ስጡና ለአያቶቹ ያስተርጉም። እሱም አይሰለችም፣ እነሱም ይሰማሉ።

## ደረጃ 4፦ መስጊዱ፣ ከእኩለ ቀን ጸሎት በፊት

ከአዳራሾቹ መግቢያ ፊት ለፊት አረንጓዴ ጉልላት ያለው ሕንፃ የአል-ጀዛር መስጊድ ነው፤ በ1781 የተሠራ። ሰው አዳራሾቹን አስቀድሞ ሲወጣ የዙሁር ሶላት ይደርስበትና ይመለሳል። የዙሁር ሰዓት እንደ ወቅቱ ከ11:30 እስከ 13:00 ባለው መካከል ይውላል። ስለዚህ መጀመሪያ መስጊዱን እዩ። ግማሽ ሰዓት ይበቃል።

1. በሩ ላይ መግቢያውን ክፈሉ፤ ትንሽ ነው።
2. ሴቶች ጸጉርና ትከሻ ይሸፈን፣ ወንዶች ቁምጣ አይሁን።
3. የጸሎቱ ክፍል ደጃፍ ላይ ጫማ አውልቁ።
4. ግቢው ውስጥ ወደ ታች የሚወርደውን ደረጃ ፈልጉ። ከመስጊዱ ሥር የዝናብ ውኃ የሚጠራቀምበት ትልቅ ጉድጓድ አለ፤ ከተማዋ ስትከበብ ሰዉ የሚጠጣው ከዚህ ነበር።

የሚሰግድ ሰው ፊት ለፊት አትለፉ፣ ፎቶም አታንሱ። ጸሎት ተጀምሮ ከደረሳችሁ አትከራከሩ፤ ወደ ደረጃ 5 ሂዱና ከሰዓት በኋላ በመመለሻችሁ ግቡ። መስጊዱ መውጫችሁ ላይ ነው።

## ደረጃ 5፦ የፈረሰኞቹ አዳራሾች

የቀኑ እምብርት ይህ ነው። ሁለት ሰዓት መድቡ፤ ልጅ ከሌለ ከዚያም በላይ። በአርባ ደቂቃ ሮጦ የሚወጣ ሰው አኮን አየሁ ባይል ይሻላል።

የሆስፒታለር ፈረሰኞች፣ ማለትም ሕሙማንን ያስታምም የነበረው የመነኮሳት ተዋጊዎች ማኅበር፣ በመስቀል ጦርነት ዘመን የሠሩት ግቢ ነው። ከተማዋ በ1291 በማምሉኮች (በዘመኑ የግብፅ ገዥዎች) እጅ ከወደቀች በኋላ ፈራረሰ፤ ኋላም ቱርኮች አዳራሾቹን በአፈር ሞልተው ምሽጋቸውን በላዩ ላይ ሠሩ። አፈሩ ስለደገፈው ጣሪያው አልወደቀም። ዛሬ የምትገቡት ያ አፈር ወጥቶ በተገኘው ቦታ ነው።

በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ፦

1. መጀመሪያ ሰፊው ግቢ ላይ ቁሙ። ቀና ብላችሁ እዩ። ከላይ ያለው ግንብ ቱርኮች የሠሩት፣ እንግሊዞችም እስር ቤት ያደረጉት ምሽግ ነው። በኋላ በሌላ በር ትገቡበታላችሁ። እናንተ ያላችሁት ከሱ ሥር ነው። ይህን ካልያዛችሁ የተቀረው ይምታታባችኋል።

2. የዓምዶቹን አዳራሽ አትዝለሉ። ዓምዶቹ ክብና ወፍራም ናቸው፤ አንድ ሰው እጁን ቢዘረጋ አያቅፋቸውም። ፈረሰኞቹ ምግብ የሚበሉበት ነበር። ማዕዘኑ ላይ፣ የጣሪያው ቅስት ከግድግዳው በሚነሳበት ቦታ፣ የተቀረጸ የአበባ ምልክት ፈልጉ፤ የፈረንሳይ ነገሥታት አበባ ነው። መብራቱ ደብዛዛ ስለሆነ የስልካችሁን መብራት አብሩ። ልጆቹን "መጀመሪያ ያገኘ" በሏቸው።

3. የስኳር ሸክላዎቹ ጋ ቆም በሉ። ፈረሰኞቹ ከሸንኮራ አገዳ ስኳር ያወጡ ነበር። ሸክላው አፉ ሰፊ፣ ታቹ ሾጣጣ ነው፤ ጫፉ ላይ አንድ ቀዳዳ አለው። የፈላው የአገዳ ጭማቂ ከላይ ይፈስበታል። እየቀዘቀዘ ሲሄድ ጥቁሩ ወፍራም ሽሮፕ በቀዳዳው እየተንጠባጠበ ሥሩ በተደገነው እንስራ ይጠራቀማል፣ ስኳሩ ሾጣጣ ሆኖ ውስጥ ይቀራል። አክስቴን ስወስዳት ከቤተ መንግሥት ከሚያህለው አዳራሽ ሁሉ ልቧን የያዘው ይሄ ነበር። ቀዳዳውን በጣቷ እያመለከተች "ስንቱን ጠላ አጥልዬ" አለች። ወላጆቻችሁን እዚህ አታጣድፏቸው፤ እጃቸው የሚያውቀው ሥራ ነው።

4. የፈረሰኞቹን ሽንት ቤት እዩ። ሳቅ የለውም፤ እዚያ ዘመን እንዲህ ያለ የፍሳሽ አሠራር መኖሩ የሚያስደንቅ ነው።

5. ጠባቡን መተላለፊያ ሳትገቡበት ወስኑ። ከምግብ አዳራሹ በደረጃ ይወረዳል። ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፍም፣ አንዳንድ ቦታ ጎንበስ ያስብላል። ጠባብ ቦታ የሚያስጨንቀው፣ ጉልበት የሚያመው፣ ጋሪ የያዘ ሰው አይግባ። ዙሪያውን የሚሄድ ሌላ መንገድ አለ፤ ሠራተኛ ጠይቁ። ቦርሳችሁን ከጀርባ አውልቃችሁ ፊታችሁ ያዙት።

መሐል ላይ አንዱ ከደነገጠ፦ ወደ ኋላ አትመልሱት። ከኋላ ሰልፍ ስላለ መጨናነቅ ይፈጠራል። ከፊት የሚሄደውን ሰው ጀርባ እያየ በቀስታ እንዲቀጥል አድርጉ፤ መተላለፊያው አጭር ነው፣ ወደፊት መውጣቱ ይቀርባል።

መውጫው ሌላ ቦታ ላይ፣ ገበያው አጠገብ ያወጣችኋል። ከመውጣታችሁ በፊት ሰው ቁጠሩ። ተለያይታችሁ ከሆነ የጠፋው ሰው መግቢያው ጋ ይጠብቃችኋል፣ እናንተ ደግሞ መውጫው ጋ ትቆማላችሁ፤ ሁለቱ በሮች አይተያዩም።

## ደረጃ 6፦ መታጠቢያው፣ ገበያውና ምሳ

የቱርክ መታጠቢያው እዚያው ቅርብ ነው። ሙዚየም ነው፣ አይታጠቡበትም። እብነ በረድና የሸክላ ንጣፍ ያለው ቆንጆ ቤት ነው፤ ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል። ከረፈደባችሁ የምትሠውት ይህን ይሁን።

ምሳን ግን አታዘግዩ። ገበያው ውስጥ ያሉት የሁሙስ ቤቶች የጠዋትና የምሳ ቤቶች ናቸው፤ ያዘጋጁት ሲያልቅ ይዘጋሉ። የታወቀው ሰዒድ ነው፤ ሰልፍ አለው፣ ግን ፈጥኖ ይሄዳል። ከ13:00 በፊት ድረሱ። ከዘጋ ሌሎቹም ጥሩ ናቸው፤ ሰው የሞላበትን ምረጡ።

- ለጾመኛ፦ ሁሙስ ሽምብራ፣ ሰሊጥና ሎሚ ነው፤ ፉሉም ባቄላ ነው። አንዳንድ ቦታ እንቁላል ጣል ስለሚያደርጉበት ስታዙ "ብሊ ቤይጻ" በሉ። ፋላፌልም ይሆናል። የአኮን ጉዞ በጾም ማድረግ ምንም አይከብድም።
- ኮሼር ለምትጠብቁ፦ አሮጌው ከተማ ውስጥ የካሽሩት ወረቀት ያለው ቤት ብዙ አይደለም። ወረቀቱን ሳታዩ አትቀመጡ፤ የተሻለው ምሳ ከቤት ቋጥሮ መምጣት ነው። ወደቡ ላይ መቀመጫ አለ።

ቅመም ስትገዙ ዋጋውን በመቶ ግራም ጠይቁ፣ ሚዛኑን እዩ። ዓሣ አሁን አትግዙ፤ ገና ግማሽ ቀን ትዞራላችሁ።

ከጠፋችሁ፦ አትደንግጡ፣ አሮጌው ከተማ ትንሽ ነው። ሁለት ምልክት ያዙ። አረንጓዴው ጉልላት መግቢያው በኩል ነው፣ የሰዓቱ ማማ ደግሞ ወደቡ በኩል። ጠባብ መንገድ ላይ የስልክ ካርታ ይዋዥቃል፤ ሰው ብትጠይቁ ይሻላል። ዕብራይስጥ ሁሉም ይችላል።

## ደረጃ 7፦ ወደቡ

የሰዓት ማማው ያለበት ሕንፃ ኻን አል-ኡምዳን ነው፤ በ1784 ለነጋዴዎች የተሠራ ማደሪያና መጋዘን። ለዓመታት ተዘግቶ ኖሯል። በሩ ክፍት ካገኛችሁት ግቡ፤ ዝግ ከሆነ በፍርግርጉ ዓምዶቹን አይታችሁ እለፉ።

ጀልባ ከፈለጋችሁ ከመሳፈራችሁ በፊት ሦስት ነገር ተነጋገሩ፦ ዋጋው ለአንድ ሰው ነው ወይስ ለሁሉም፣ ስንት ደቂቃ ይዞራል፣ የሚነሳው አሁን ነው ወይስ ሲሞላ። ጀልባ ላይ ወጥቶ ሰው እስኪሞላ ፀሐይ ላይ መቀመጥ የተለመደ ስቃይ ነው። ከተማዋን ከባሕር ማየት ግን ይገባታል፤ ግንቧ ቁመቱ የሚታወቀው ከዚያ ነው። በብርዱ ወራት ባሕሩ ሲቆጣ ጀልባ አይነሳም፤ ቢነሳም አትሳፈሩ።

ከባድ ማስጠንቀቂያ። የሰፈሩ ወጣቶች ከግንቡ ጫፍ ወደ ባሕር ሲዘሉ ታያላችሁ። ከልጅነታቸው ጀምሮ ድንጋዩ የቱ ጋ እንዳለ ያውቃሉ። እናንተ አታውቁም። ልጆቻችሁ እንዳይሞክሩ እጃቸውን ያዙ። መዋኘት ለሚፈልግ ከአሮጌው ከተማ ውጪ በስተደቡብ ምሥራቅ አርጋማን የተባለ ጠባቂ ያለው የባሕር ዳርቻ አለ፤ ሌላ ቀን ይዋል።

## ደረጃ 8፦ የቴምፕላሮቹ ዋሻ

ከወደቡ አካባቢ ባለው በር ግቡ። አብዛኛው ሰው በምዕራቡ በር ገብቶ ወደብ ላይ ይወጣና እንደገና ከተማውን ሊያቋርጥ ይገደዳል። እናንተ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ከሄዳችሁ የምትወጡት ቀጣዩ ደረጃ በሚጀምርበት ነው።

ዋሻው 150 ሜትር ግድም ነው። የቴምፕላር ፈረሰኞች፣ ሌላው የመስቀል ጦር ማኅበር፣ ከምሽጋቸው ወደ ወደቡ ተደብቀው የሚያልፉበት ነበር። የተገኘው በ1994 ነው፤ ከላዩ የምትኖር አንዲት ሴት የፍሳሽ ቧንቧዋ ተደፍኖ ስታመለክት ሠራተኞች ሲቆፍሩ ወጣ።

1. ከመዝጊያው ቢያንስ አንድ ሰዓት በፊት ድረሱ።
2. ረጃጅሞች ከፊት አትሂዱ፤ ጣሪያው ድንገት ዝቅ ሲል ከፊት ያለው "ጎንበስ!" ቢላችሁ ይሻላል።
3. የእንጨቱን መተላለፊያ ለቃችሁ አትውረዱ። ጎንና ጎኑ ውኃ ነው።
4. መሐል ላይ ለአንድ ደቂቃ ወሬ አቁሙ። ከእግራችሁ ሥር ውኃው ሲሄድ ይሰማል።

ደረጃ መውረድ የማይችል ሰው ካለ ከዋሻው በላይ ባለው መንገድ በቀጥታ ወደ ምዕራብ ይሂድ፤ መውጫው ጋ ትገናኛላችሁ። ተመልሶ የሚሄድ ሰው አይኖርም።

## ደረጃ 9፦ የባሕሩ ግንብና እስር ቤቱ

ከዋሻው ስትወጡ ወደ ደቡብ ጥቂት ብትሄዱ የመርከቦች መብራት ማማና የቅዱስ ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያን አሉ። እዚያ ግንቡ ላይ ዕረፉ። በአሮጌው ከተማ ውስጥ የቅዱስ ጊዮርጊስ የግሪክ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንም አለ፤ መሳለም የምትፈልጉ ከቅዳሴ ሰዓት ውጪ ዝግ ሆኖ ሊቆያችሁ እንደሚችል አስቡ። ደጁን ስሞ መሄድም አለ።

ከዚያ ባሕሩን በግራ አድርጋችሁ ወደ ሰሜን ሂዱ። ሃሃጋና መንገድ ነው። መጨረሻው ላይ የእስር ቤቱን ሙዚየም በር ታገኛላችሁ፤ ጠዋት ከታች ቀና ብላችሁ ያያችሁት ምሽግ ነው። ከ15:00 በፊት ድረሱ። መታወቂያ አዘጋጁ።

እንግሊዞች የአይሁድ ተዋጊዎችን ያሰሩበትና የሰቀሉበት ቦታ ነው። ግንቦት 4 ቀን 1947 በአውሮፓ አቆጣጠር ግድግዳው በፈንጂ ተደርምሶ እስረኞች ያመለጡትም ከዚህ ነው። ገመዱ ያለበትን ክፍል ሕፃናት እንዳያዩ አንድ ሰው ከእነሱ ጋር ውጪ ይቅር። በአገራችንም ሆነ ወደዚህ ሲመጡ በሱዳን መንገድ እስር ያዩ ሽማግሌዎች ካሉም አስቀድማችሁ ንገሯቸው፤ መግባት አለመግባቱን እነሱ ይወስኑ። ይህን ቸል የሚል አስጎብኚ ብዙ ነው።

## ጊዜው ካጠራችሁ

ሦስት ሰዓት ብቻ ካላችሁ አዳራሾቹን፣ ዋሻውንና የምዕራቡን ግንብ ያዙ። ሌላውን ያለ ጸጸት ተዉት። ዝናብ ከጣለ ጀልባውንና ግንቡን ዝለሉ፤ አዳራሾቹም ዋሻውም ጣሪያ አላቸው።

ሁለተኛ ቀን ካላችሁ ጠዋቱን ለባሕጂ ስጡ። ከአኮ በስተሰሜን ያለው የባሃኢዎች የአትክልት ስፍራ ነው፣ የእምነቱ መሥራች የባሃኦላህ መቃብር ያለበት። መግቢያ አይከፈልም። አትክልቱ ከሰዓትም ይታያል፤ መቃብሩ ግን የሚከፈተው በተወሰኑ ቀናት ጠዋት ብቻ ስለሆነ ቀኑን አጣርታችሁ ሂዱ። ትከሻና ጉልበት ይሸፈን።

## ደረጃ 10፦ መመለሻ

ከእስር ቤቱ ወደ ቫይዝማን መንገድ መውጫው ቅርብ ነው። ጠዋት መስጊዱ ያመለጣችሁ አሁን ግቡ። ከዚያ ባቡሩ ከመነሳቱ 45 ደቂቃ በፊት ከአሮጌው ከተማ ውጡ፤ የደከመ እግር ጠዋት በ20 ደቂቃ ያለፈውን መንገድ በ20 ደቂቃ አይመልሰውም።

ባቡሩ ካመለጣችሁ ቀጣዩን በስልካችሁ እዩ። ሐዲዱ ላይ ሥራ ካለ ባቡሩ ሊቋረጥ ስለሚችል በአውቶቡስ ሃይፋ ድረስ መሄድ አማራጭ ነው፤ ሙቪት በሚባለው የጉዞ መተግበሪያ ላይ "ሃይፋ" ብላችሁ ፈልጉ። ሸሩት (በጋራ የሚሳፈሩበት ታክሲ) ካገኛችሁ ደግሞ የሚነሳው ሲሞላ ነው። ከመግባታችሁ በፊት ሃይፋ የት እንደሚያወርዳችሁ ጠይቁ፤ ሁሉም ወደ ባቡር ጣቢያ አይሄድም።